ፍላሽ ወይስ ኤስኤስዲ? ኮፒ ለሚጎተትባችሁ

«ፍላሼ ኮፒ ሲያደርግ ይንፏቀቃል፣ ምን ላድርገው?» ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደመለስኩ አላውቅም። አንዴ ጽፌው ልገላገል፦ ሌላ ፍላሽ አትግዙ። ትንሽ ሳታ ኤስኤስዲ (ላፕቶፕ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ፈጣን ዲስክ) ከነኬዙ (በዩኤስቢ ከሚያገናኘው መያዣ ጋር) ግዙ።

እዚህ የደረስኩት ተሸውጄ ነው። 1 ቴራባይት የተባለ ፍላሽ በ64 ጊጋ ዋጋ አገኘሁና ጮቤ ረገጥኩ። ስሰካው እውነትም 1 ቴራ ይላል። ፎቶዎቼን ገለበጥኩ። የመጀመሪያዎቹ ተከፈቱ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ስማቸው ብቻ ቀረ። ለካ ውስጡ ያለው ትንሽዬ ቺፕ ነው፤ ቺፑን የሚያዝዘው ኮንትሮለር መጠኑን እንዲዋሽ ተደርጓል። ሲሞላ «ሞላሁ» አይልም፣ ዝም ብሎ ይቀበልና ይጥለዋል። አሁን ማንኛውንም ፍላሽ መጀመሪያ «ኤች ቱ ቴስት ደብሊው» በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እፈትሻለሁ።

ፎርጅድ ያልሆነውስ? ማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው «እስከ 130 ሜጋባይት በሰከንድ» የማንበቢያው ፍጥነት ነው። ስለ መጻፊያው ትንፍሽ አይሉም። ርካሽ ፍላሽ ሲጀምር ይፈጥናል፤ ካሹ (ፈጣኑ ጊዜያዊ ማቆያው) ሲሞላ ወደ 10 ሜጋ ይወርዳል። በዚህ ፍጥነት 64 ጊጋ ከ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በ400 ሜጋ የሚጽፍ ኤስኤስዲ 3 ደቂቃ አይሞላውም። ርካሽ ኤስኤስዲም ሲበዛበት ይደክማል፣ ግን እንደ ፍላሽ አያሳፍርም።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ዋጋውን ለጊጋው ቁጥር አካፍሉት። በደንብ የሚጽፍ ፍላሽ ርካሽ አይደለም፤ ያን ያህል ካወጣችሁ ደግሞ ኤስኤስዲ ከነኬዙ ብዙም አይርቅም። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ኤስኤስዲ ካላችሁማ የምትከፍሉት ለኬዙ ብቻ ነው። ኬዙ ላይ ግን አትሰስቱ። ሶኬቱ እንደ ዩኤስቢ 3.0 ሰማያዊ ሆኖ ውስጡ ዘገምተኛው ዩኤስቢ 2.0 የሆነ ገጥሞኝ ከ40 ሜጋ አላልፍ ብሎኛል።

ጥገናውም ሌላ ጉድ ነው። አንድ ፍላሼን እንደተሰካ በክርኔ መታሁትና አንገቱ ተጣመመ። ጠጋኙ ከፍቶ አሳየኝ፤ ቺፑም ኮንትሮለሩም አንድ ላይ የተጋገረ ጥቁር ቁራጭ ነው። «ምኑን ልበይደው?» አለኝ። የኤስኤስዲዬ ኬዝ ሲሞት ግን ዲስኩን አውጥቼ ሌላ ኬዝ ውስጥ ከተትኩት። አንድ ፋይል አልጎደለም።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ነፃውን ሞክሩ። ዩኤስቢ 3.0 ፍላሽ ቀስ ብላችሁ ከሰካችሁት እንደ 2.0 ሊቆጠር ይችላል፤ ነቅላችሁ ፈጠን አድርጋችሁ ስኩት። ሺህ ትንንሽ ፋይል ካላችሁ ዚፕ አድርጋችሁ አንድ ፋይል ላኩ፣ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1809 ወዲህ ደግሞ ፍላሽ ሲሰካ የመጻፊያ ካሽ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ለፍጥነት ብላችሁ ዲቫይስ ማናጀር (የዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር) ውስጥ ልታበሩት ትችላላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን «ኢጀክት» ሳትሉ እንዳትነቅሉ።

ፍላሼን አልጣልኩትም። ለህትመት ፋይል እልክበታለሁ፤ ቫይረስ ተሸክሞ ሲመለስ ፎርማት አድርጌው እርፍ።