ውስኪ ከማውረድዎ በፊት፦ ብላክ ወይስ ጎልድ፣ ቺቫስ ወይስ ግሌንፊዲች፣ ጄምሰን ወይስ ጃክ?

ሰርግ ሲቃረብ፣ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣ?» ብሎ ሲደውል የሚጠሩት ስሞች አምስት ስድስት አይበልጡም። ብላክ፣ ጎልድ፣ ቺቫስ፣ ጄምሰን፣ ጃክ፣ ለየት ላለ ሰው ደግሞ ግሌንፊዲች። ክርክሩም ያው «የቱ ይበልጣል?» ነው። ከዚህ ይልቅ ሦስት ነገር መጠየቅ ይሻላል፦ ከምን እህል ወጣ፣ በምን በርሜል ቆየ፣ እንዴት ሊጠጣ ነው? የመጀመሪያዎቹን ሁለት አብዛኛውን ጊዜ ጠርሙሱ ይናገራል፣ ሦስተኛውን ገዢው ያውቃል። በአዋጅ 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ከወረደ ወዲህማ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የሚችል ሰው ከሻጩ ምላስ ይድናል።

ብላክ ወይስ ጎልድ?

ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። የጆኒ ዎከር ቀለማት እንደ ደረጃ መሰላል ስለሚታዩ ጎልድ ከብላክ በዕድሜ የሚበልጥ ይመስላል። ጠርሙሶቹን ጎን ለጎን አቁመው ያንብቡ። ብላክ ሌብል ላይ 12 የሚል ቁጥር አለ። ጎልድ ሌብል ሪዘርቭ ላይ ምንም የዕድሜ ቁጥር የለም። ሬድም፣ ደብል ብላክም፣ ያ ሁሉ ብር የሚወጣበት ብሉ ሌብልም የላቸውም። የዕድሜ ቁጥር ሲጻፍ ደግሞ በቅይጡ ውስጥ ያለውን ትንሹን ዕድሜ ነው የሚናገረው፤ አንድ ጠብታ የ12 ዓመት ከገባበት የቀረው 30 ዓመት ቢሆንም የሚጻፈው 12 ነው። ቁጥር ከሌለ በስኮትላንድ ሕግ የሚረጋገጠው ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል መቆየቱ ብቻ ነው።

«ጎልድ እኮ 18 ዓመት ነው» የሚል ሰው ግን ከመሬት ተነስቶ አይደለም። የድሮው ጎልድ በእርግጥ 18 ዓመት ነበር። የአሁኑ ጎልድ ሪዘርቭ የተተካው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ስሙና ቀለሙ ቀረ፣ ቁጥሩ ሄደ። ዛሬ 18 የሚፈልግ ሰው 18 የሚል ቁጥር የተጻፈበትን ጆኒ ዎከር ነው መጠየቅ ያለበት።

ታዲያ ጎልድ መጥፎ ነው? አይደለም፤ ጠባዩ ሌላ ነው። ጎልድ የማርና የቫኒላ ለዛ ያለው፣ ጢሱ የቀነሰ፣ ቀዝቅዞ ለመጠጣት የሚመች ነው። ብላክ ደግሞ ዘቢብና ጢስ አለው፣ በሶዳም በበረዶም አይጠፋም። ጢሱ የሚመጣው ብቅሉ ሲደርቅ ፒት ስለሚነድበት ነው። ፒት ማለት በረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመ ዕፅዋት ነው፣ ተቆርጦ እንደ ኩበት ደርቆ ይነዳል። ጋኑ በወይራ የታጠነ ጠላ የሚወድ ሰው ብላክን ቶሎ ይለምደዋል። ጢሱ የሚያስነጥሰው ሰው ግን ወደ ጎልድ ወይም ጭራሽ ወደ ጄምሰን ይሂድ።

በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሰው ረስቶት የሚያልፈው ግሪን ሌብል ነው። 15 ዓመት ተጽፎበታል፣ የአልኮል መጠኑ 43 ነው፣ የገብስ ብቅል ብቻ ነው፤ ርካሹ የበቆሎና የስንዴ ውስኪ አልተቀየጠበትም። ጎልድና ግሪን ዋጋቸው ከተቀራረበ ግሪንን አንስቶ መሄድ ነው።

በነገራችን ላይ የጆኒ ዎከር ባለቤት ዲያጆ ለአሥር ዓመት የሜታ ቢራም ባለቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ በ2022 የጊዮርጊስ ቢራ ባለቤት ለሆነው ለካስቴል ሸጦ ወጥቷል።

ቺቫስ 12 ወይስ ግሌንፊዲች 12?

ቁጥሩ አንድ ነው፣ ዕቃው ሁለት ነው። ቺቫስ ቅይጥ ነው፦ ከብዙ ፋብሪካ የመጣ የብቅል ውስኪ፣ በዋናነት ከስንዴ ወይም ከበቆሎ ከወጣ ቀላል ውስኪ ጋር ተዋህዶ። ግሌንፊዲች ሲንግል ሞልት ነው፤ ከአንድ ፋብሪካ፣ ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በመዳብ ማውጫ የወጣ። «ሲንግል» የሚለው ቃል አንድ በርሜል ማለት አይደለም፤ አንድ ፋብሪካ ማለት ነው፣ በርሜሉ በመቶ የሚቆጠር ሊሆን ይችላል።

በመለኪያ ብቻውን፣ ወይም በጥቂት ጠብታ ውሃ ለሚጠጣ ሰው ግሌንፊዲች የተሻለ ነው፤ የበሰለ ፍራፍሬ ሽታው የሚወጣው ያኔ ነው። በአምቦ ውሃ ለሚጠጣ ሰው ግን ሲንግል ሞልት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የአምቦ ማዕድንና ጋዝ ስሱን ሽታ ይውጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ከቺቫስ የሚለየው ዋጋው ብቻ ይሆናል። በአምቦ ለመጠጣት ልኩ አንድ እጅ ውስኪ ለሦስት እጅ አምቦ ነው፦ ብርጭቆው በበረዶ ይሞላ፣ ውስኪው ይቅደም፣ አምቦው ከፍሪጅ እንደወጣ በጎን ቀስ ብሎ ይፍሰስ፣ አንዴ ብቻ ይማሰል። የሞቀ አምቦ ጋዙን ወዲያው ይለቅና ውሃ ውሃ ይላል።

ከቀለሙ አይፍረዱ። በስኮችም (በስኮትላንድ ውስኪ) ሆነ በአይሪሽ ውስኪ ቀለም ለማስተካከል ካራሜል መጨመር ሕጋዊ ነው፤ ስለዚህ የጠቆረው ሁሉ ያረጀ አይደለም። ከፍራንክፈርት የሚያመጣ ሰው ለጀርመን ገበያ የተዘጋጀ ጠርሙስ ላይ «ሚት ፋርብሽቶፍ» የሚል ቃል ካየ ካራሜል ገብቶበታል ማለት ነው፤ ጀርመኖች እንዲጻፍ ያስገድዳሉ።

ጄምሰን ወይስ ጃክ?

የአረቄ ቋንቋ እዚህ ይረዳል። ተራ አረቄ አንዴ የወጣ ነው፣ ዳግም አረቄ ያው ተመልሶ የወጣው። በዚህ አቆጣጠር አብዛኛው የስኮች ሲንግል ሞልት ዳግም ነው፤ ጄምሰን ደግሞ ሦስተኛ ወጥቷል። በወጣ ቁጥር ከባዱ ሽታ እየቀረ ይሳሳል፣ ለስላሳ ይሆናል። ብቅሉም በጢስ አልደረቀም። ጄምሰን ውስጥ ከቀላል የእህል ውስኪ ጋር የተቀየጠው የአየርላንድ መለያ የሆነው «ፖት ስቲል» ውስኪ ነው፤ ከበቀለ ገብስ ጋር ያልበቀለ ጥሬ ገብስ አለበት፣ ከእያንዳንዱ ቢያንስ 30 በመቶ። ጥሬው ገብስ ቅመም ቅመም የሚል ወፍራም ለዛ ይሰጣል። ልማዱ የጀመረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ብቅል ላይ ግብር ሲጣል ነው። ጄምሰን ወዶ አንድ እርምጃ መውጣት የሚፈልግ ሰው ሬድብሬስት 12 ይሞክር፤ ቀላሉ ቅይጥ የሌለበት፣ ፖት ስቲል ብቻ ነው።

ጃክ ዳንኤልስ ሌላ ዓለም ነው። ከቴነሲዋ ሊንችበርግ ከተማ ይመጣል፣ እህሉ 80 በመቶ በቆሎ፣ 12 በመቶ የገብስ ብቅል፣ 8 በመቶ ራይ የሚባል እህል ነው። በርሜል ከመግባቱ በፊት የሜፕል ዛፍ እንጨት አክስለው በሞሉት፣ ሦስት ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው የከሰል ጋን ውስጥ ጠብታ በጠብታ ይወርዳል፤ ከሰሉ ሻካራውን ይይዘዋል። ከዚያ ውስጡ በእሳት የከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ውስጥ ይገባል። ቫኒላው፣ የተቃጠለ ስኳሩና የበሰለ ሙዝ የሚመስለው ሽታ ለኮካ የተፈጠረ ያስመስለዋል። ለኮካ ሌላ ውድ ነገር አይግዙ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ጃክ ሃኒ ከጃክ ጋር በአንድ መደርደሪያ ይቆማል፣ ግን 35 በመቶ አልኮል ያለው ጣፋጭ ሊከር ነው። በስኮትላንድ፣ በአየርላንድም ሆነ በአሜሪካ ሕግ ከ40 በታች የሆነ ውስኪ ሊባል አይችልም። «ውስኪ» ተብሎ ቁጥሩ 35 ወይም 30 ከሆነ ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ይመኑ።

ቦርቦን ለምን ይረሳል?

ብዙ የአበሻ ቤት ቦርቦን የለም፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም በተመሳሳይ ዋጋ ብዙውን ጊዜ የበለጠ ውስኪ የሚሰጠው እሱ ነው። ሕጉ ጥብቅ ነው፦ በአሜሪካ የተሠራ፣ ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ፣ አዲስና ውስጡ የከሰለ የኦክ ዕቃ፣ ቀለም አይጨመርም። ቀለሙ ሁሉ የእንጨት ነው። «ስትሬት» የሚል ቃል ካለ ቢያንስ 2 ዓመት ቆይቷል፤ ከ4 ዓመት በታች ከሆነ ዕድሜው መጻፍ አለበት። ስለዚህ ዕድሜ ያልተጻፈበት ስትሬት ቦርቦን 4 ዓመት ሞልቶታል።

«4 ዓመት? ልጅ አይደለም እንዴ!» የሚለው ስኮች የለመደ ሰው ስሌቱን ያስተካክል። በርሜሉ አንዴ ብቻ ነው ለቦርቦን የሚሆነው፣ አዲስ ስለሆነ ለዛውን ፈጥኖ ይለቃል፣ የኬንታኪ በጋም ይሞቃል። ያገለገለው በርሜል ወደ ስኮትላንድ ይሸጥና ግሌንፊዲችን የመሰሉት ይተኙበታል፤ አሮጌ በርሜል በቀዝቃዛ አገር ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። የሁለቱን ዕድሜ ማወዳደር የደጋና የቆላ ማሽላ አዝመራ እንደማወዳደር ነው።

የሚፈለገው ሐረግ «ቦትልድ ኢን ቦንድ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው፦ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ወቅት፣ ቢያንስ 4 ዓመት፣ ልክ 50 በመቶ አልኮል። ሂሳቡን እንየው። 750 ሚሊ ሊትር በ40 በመቶ 300 ሚሊ ሊትር አልኮል ይይዛል። በዚህ ሕግ የሚወጣውና በአሜሪካ ሳይቀር በ700 ሚሊ ሊትር የሚሸጠው ጃክ ቦንድድ በ50 በመቶ 350 ይይዛል። ጠርሙሱ ያነሰ ይመስላል፣ የሚበልጠው እሱ ነው። ለሚከብደው ሰው በ50 ሚሊ ሊትር ደብል ላይ 12 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ተኩል ውሃ ሲጨመር ወደ 40 ይወርዳል።

ጊዜውም ለገዢ ይመቻል። ኬንታኪ ውስጥ ከ16 ሚሊዮን በላይ በርሜል ተከማችቷል፣ የካናዳ ክፍለ ግዛቶች በ2025 የአሜሪካን መጠጥ ከመደርደሪያ አወረዱ፣ ጂም ቢም የተባለው ቦርቦን ባለቤቶችም በክለርሞንት ያለውን ዋና ማውጫቸውን ለ2026 ሥራ እንደሚያስቆሙት አስታወቁ። የጃክ ባለቤት ብራውን ፎርማን የሉዊቪል በርሜል ፋብሪካውን ዘግቷል። ስለዚህ በዋሽንግተንም ሆነ በአትላንታ «አሁን ካልገዙት ያልቃል» የሚል የቦርቦን ሻጭን አይስሙት።

የጃፓን ውስኪ ለሚያምረው አንድ ነገር ብቻ፦ በአምራቾቹ ማኅበር ደንብ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ አባላቱ «የጃፓን ውስኪ» የሚሉት እዚያው የወጣውንና ቢያንስ 3 ዓመት እዚያው የቆየውን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ከስኮትላንድ የመጣ ውስኪ በጃፓንኛ ጽሑፍ ይሸጥ ነበር።

ስንት ይበቃል? እንዴት ይመጣል?

ለሰርግ የሚገዛ ሰው በጠርሙስ ሳይሆን በደብል ያስላ። ደብል 50 ሚሊ ሊትር ቢሆን 700 ሚሊ ሊትሩ 14፣ 750ው 15፣ ሊትሩ 20 ደብል ይወጣዋል። 50 ውስኪ ጠጪ ሁለት ሁለት ደብል ቢጠጣ 5 ሊትር ነው፦ አምስት የሊትር ጠርሙስ ወይም ስምንት ባለ 700። በአየር ማረፊያ የሚሸጠው ሊትር የሚያዋጣው ዋጋው በሚሊ ሊትር ሲካፈል ካነሰ ብቻ ነው፤ ሁሌም አያንስም። በሻንጣ የሚጫን ከሆነ ከ24 እስከ 70 በመቶ የሆነ አልኮል፣ በፋብሪካው እሽግ እንዳለ፣ ለአንድ ሰው 5 ሊትር ነው የሚፈቀደው። በዱባይ ወይም በሌላ አገር አውሮፕላን የሚቀይር ሰው በእጅ የያዘውን ከነደረሰኙ በታሸገው ከረጢት ይተወው፤ መንገድ ላይ ከተከፈተ በፍተሻ ይቀራል።

ሲገዙ ክዳኑን በጣት ይሞክሩ፤ ማኅተሙ ሳይበጠስ የሚዞር ከሆነ ይመልሱት። የምድብ ቁጥሩ ተፍቆ እንደሆነ፣ ከአንድ ካርቶን የወጡት ጠርሙሶች የመጠጥ ከፍታቸው የተለያየ እንደሆነ፣ ዋጋውም ከሰፈሩ ሁሉ በጣም የወረደ እንደሆነ ይተዉት። ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል የገባበት መጠጥ በማሽተትም በመቅመስም አይለይም። በማግስቱ ዓይን ከደበዘዘ፣ ጭጋግ የመሰለ ነገር ከታየ ሐንጎቨር ነው ብሎ መተኛት አይገባም፤ ሐኪም ቤት ነው የሚኬደው። በረዶ ሲገባበት የሚደፈርስ 46 በመቶ ሲንግል ሞልት ግን የሐሰት አይደለም፤ ቀዝቅዞ ስላልተጣራ ቅባቱ ነው የሚታየው።

ቤት ከደረሰ በኋላ ጠርሙሱ ቆሞ፣ ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ፤ እንደ ወይን ከተኛ ጠንካራው አልኮል ቡሹን ይበላዋል። ጠርሙስ ውስጥ ውስኪ አያረጅም፣ የ12 ዓመቱ ብፌ ውስጥ ሃያ ዓመት ቢቆይ 12 ነው። ከግማሽ በታች የወረደውን በጥቂት ወራት ይጨርሱት፣ አየር ሽታውን ይወስደዋል። ባዶውን ለቆራሌው ሲሰጡ መለያውን በጥፍር ልጠው፣ ካርቶኑን ቀደው ይስጡ፤ ያልተጎዳ የብሉ ሌብል ባዶ ጠርሙስ ከነሳጥኑ የሚፈልግ ሰው ለጌጥ ብቻ ላይፈልገው፣ የሐሰት ሊሞላበት ይችላል።