ባለ 32 ሚሊ ሜትር ጥቁር ኤችዲፒኢ ቧንቧ ለግጦሽ መስክ፦ ከሁለት ክረምት በኋላ

በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው መስካችን 14 ላሞችና ጊደሮች እናረባለን። ውኃው የሚገኘው ከኮረብታው ሥር ከጎለበተ ምንጭ ሲሆን፣ ግጦሹ ያለው ከዚያ 400 ሜትር ርቆ፣ በ9 ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ከብቶቹ ቀድሞ ይጠጡ የነበረው ከመስኩ ግርጌ ካለው ረግረግ ስለነበረ አልቅትና የጉበት ትል ሲያስቸግሩን ኖረዋል። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በፊት ቧንቧ ቀብረን ውኃውን ወደ ገንዳ አወረድነው። ይህ ግምገማ ስለ ቧንቧው ቢሆንም፣ ቧንቧ ከአቀባበሩ ተነጥሎ ስለማይመዘን ሁለቱንም አብሬ አነሣለሁ።

ለምርጫ የቀረቡልን የብረት፣ የፒቪሲ (ግትር ፕላስቲክ) እና የኤችዲፒኢ (የሚለመጥ ፕላስቲክ) ቧንቧዎች ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚሸጡት በ6 ሜትር ቁራጭ በመሆኑ፣ ለ400 ሜትር ከ60 በላይ መጋጠሚያ ይፈልጋሉ። ኤችዲፒኢ ግን በ100 ሜትር ጥቅል ስለሚመጣ በመካከል ሦስት መጋጠሚያ ብቻ አስፈለገን። ይህ ልዩነት በማንኛውም አፈር ላይ ጥቅም አለው፤ በእኛ መረሬ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ላይ ግን ወሳኝ ነው። መረሬ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ በየዓመቱ እንዲህ በሚንቀሳቀስ መሬት ውስጥ የተቀበረ ግትር ቧንቧ የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ መጋጠሚያው ላይ ነው። ኤችዲፒኢ ከአፈሩ ጋር አብሮ ይለመጣል።

ስፋቱን በተመለከተ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር «25 ሚሊ ሜትር ይበቃችኋል» ብሎን ነበር። ገዢ ልብ ሊለው የሚገባው፣ በኤችዲፒኢ ላይ የተጻፈው ቁጥር የውጭውን ስፋት እንጂ የውስጡን አለመሆኑን ነው፤ እኛ የገዛነው ባለ 32 ውስጡ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ማለትም በብረቱ አነጋገር ወደ አንድ ኢንች ይጠጋል። ከመግዛታችን በፊት ከጎረቤት የተዋስነውን ባለ 25 ቧንቧ በመሬቱ ላይ ዘርግተን ስንሞክረው 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ፈጀ። አሁን በባለ 32ቱ ያው ጀሪካን በ50 ሰከንድ ገደማ ይሞላል። በውስጥ ስፋት የ7 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይህን ያህል ማድረጉ የሚያስገርም ቢመስልም፣ ከፍታው ትንሽ በሆነበት መስመር ላይ ጉልበቱን የሚበላው ውኃው ከቧንቧው ግድግዳ ጋር የሚያደርገው ሰበቃ ነው። ጠምቷት የመጣች ላም በደቂቃ 10 ሊትርና ከዚያ በላይ ልትጠጣ ትችላለች፤ ከብት ደግሞ ተራ አይጠብቅም።

የመረጥነው 10 ባር ግፊት የሚችለውን ነው። የ9 ሜትር ከፍታ የሚፈጥረው ግፊት አንድ ባር እንኳ ስለማይሞላ ይህ ትርፍ ወጪ ሊመስል ይችላል። የፈለግነው ግን የግድግዳውን ውፍረት ነበር፤ ስስ የሆነው ጥቅሉ ሲፈታ ይታጠፋል፣ በላዩ የሚያርፈውን አፈርና ኮቴም በቀላሉ አይችልም።

ጉድጓዱን 60 ሳንቲ ሜትር አስቆፈርነው። ውርጫችን ብርቱ ቢሆንም መሬቱን ወደ ውስጥ ዘልቆ አያቀዘቅዝም፤ ጥልቀቱ ያስፈለገው ለማረሻ፣ ለኮቴና አልፎ አልፎ ለሚያልፈው ትራክተር ነው። ከታች ስስ አሸዋ አነጠፍን፣ በላዩም በመጀመሪያ የተፈረፈረ አፈር መለስን፣ ምክንያቱም የደረቀ የመረሬ ጓል እንደ ድንጋይ ቧንቧውን ይጫነዋል።

ትልቁ ስሕተታችን የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። የቀጠርነው ባለሙያ ቧንቧውን በቀትር ፀሐይ ወጥሮ ዘርግቶ በዚያው ቀን እንዲሸፈን አደረገ። ኤችዲፒኢ በአንድ ዲግሪ የሙቀት ልዩነት በየሜትሩ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ያጥራልም፤ በ400 ሜትር ላይ የ20 ዲግሪ ልዩነት ወደ አንድ ሜትር ከስድሳ ይደርሳል። በማግስቱ ጠዋት ሁለተኛው መጋጠሚያ ተመዞ ወጥቶ መስኩ ጨቅይቶ አገኘነው። እንደገና አስቆፍረን እንደ እባብ እያጣመምን ዘረጋነው፤ ውኃ ሞልተን መጋጠሚያዎቹን ሳንሸፍን አንድ ቀን አሳደርንና የሚያፈስ አለመኖሩን ካየን በኋላ በማለዳው ቅዝቃዜ አፈር መለስንበት። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አላፈሰሰም። መጋጠሚያዎቹ ያሉበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት ማድረጋችን ብልኅነት ይመስለኝ ነበር፤ እረኞቹ ግን ድንጋዮቹን ለመቀመጫ እያነሡ ስለወሰዷቸው አሁን ርቀቱን ለክቼ በደብተር ጽፌያለሁ።

በገንዳው በኩል የመጀመሪያው ተንሳፋፊ መዝጊያ፣ ማለትም ገንዳው ሲሞላ ውኃውን በራሱ የሚዘጋው፣ አላስደሰተኝም። ለከተማ ውኃ ግፊት የተሠራ፣ ቀዳዳው ጠባብ ነበርና ሰፊውን ቧንቧ ከንቱ አደረገው። ለዝቅተኛ ግፊት የሚሆን ሰፊ ቀዳዳ ያለው ስንተካ ፍሰቱ ተመለሰ። ሌላው ድካም ከመሬት ወጥቶ ወደ ገንዳው የሚገባው የመጨረሻው ግማሽ ሜትር ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ በረዶ ስለሚሆን ውኃው ፀሐይ እስክትሞቅ አይመጣም። በገለባና በጆንያ ጠቅልለነዋል፤ ጊደሮቹ ግን ገለባውን መብላት ስለለመዱ በየሳምንቱ እናድሰዋለን።

ምንጩ ከግጦሹ ከፍ ብሎ ለሚገኝና መሬቱ መረሬ ለሆነ አርቢ ይህን ቧንቧ ያለማመንታት እመክራለሁ። ርቀቱ ከእኛ የሚበልጥ ወይም ከፍታው የሚያንስ ከሆነ ግን ባለ 40ውን ይግዛ። ውኃውን በፓምፕ ሽቅብ ለሚገፋ ሰው ስሌቱ ሌላ ስለሆነ የእኛን ልክ እንዳለ አይውሰድ።