650 ብር የከፈልኩባት የናፍጣ ጠርሙስ

ባለቤቴ የመኪናዬን የናፍጣ ፊልትሮ (ማጣሪያ) የቀየርኩበትን ቀን ሳልነግራት ታውቃለች። ገና ደጅ ላይ እያለሁ ነው የምታውቀው። «ዛሬም ታጥበህበት መጣህ?» ትለኛለች። ናፍጣውን ማለቷ ነው። ሸሚዜን ከሌላው ልብስ ለይታ በባልዲ ትዘፈዝፈዋለች። በኦሞ ሞክራለች፣ በላርጎ ሞክራለች፣ ሎሚም ጨምቃበታለች። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ተኖ የሚሄድ ነገር አይደለም። ቅባት ነው። ጨርቅ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።

የምነዳው አይሱዙ ኤን ፒ አር ነው። መኪናው የራሴ ነው፣ ዕዳውም የራሴ ነው። ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኜ ሃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ አራግፋለሁ። የናፍጣ ፊልትሮውን በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ራሴ እቀይራለሁ። ከዚያ በላይ የሚያቆዩ ሹፌሮች አሉ። እኔ ግን ማደያ ሰልፍ ሲበዛ አንዳንዴ ከጀሪካን ስለምሞላ አልደፍርም። ጀሪካን ውስጥ ምን እንዳለ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ፊልትሮ መቀየሩ ራሱ ቀላል ነው። ጣጣው አየሩን ማስወጣት ላይ ነው። ናፍጣ አይጨመቅም ማለት ይቻላል፤ አየር ግን ይጨመቃል። መስመሩ ውስጥ አየር ካለ ፓምፑ የሚገፋው ግፊት አየሩን በማጨማደድ ያልቃል፣ ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው ኖዝል ጋ የሚደርስ ነገር የለም። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ባትሪው ይደክማል። መኪናው አየር ሳበ የምንለው ይሄንን ነው። ስለዚህ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን ብሎን ትንሽ ታላላለህ፣ በእጅ የሚገፋውን ፓምፕ ትገፋለህ፣ አየሩ ከናፍጣ ጋር እየተቀላቀለ በብሎኑ ዙሪያ ይወጣል።

ይወጣል ስል ደግሞ በአንድ አቅጣጫ እንዳይመስላችሁ። በሁሉም በኩል ነው የሚወጣው። ፊልትሮው ላይ፣ ሻንሲው ላይ፣ ጎማ ላይ ይወርዳል። ከዚያ በክንድህ ተንሸራቶ ክርንህ ጋ ይደርስና ሸሚዝህ ውስጥ ይገባል። አንዱ እጅህ ቁልፍ ይዟል፣ አንዱ እጅህ ይገፋል፤ በምንህ ትጠርገዋለህ?

ለዓመታት እንዲሁ ኖሬያለሁ። እንድነቃ ያደረገኝ ሽንኩርት ነው። አንድ ቀን ሞጆን እንዳለፍኩ መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት አጣ። ዳር ይዤ ፊልትሮውን ቀየርኩ፣ ረዳቴ ያግዘኝ ነበር። እንደጨረስን ሸራው ተፈቶ ስለነበር ያው ረዳቴ በዚያው እጁ ወጥቶ አሰረው። አዲስ አበባ ስንደርስ ተቀባዩ አንዱን ጆንያ አሸተተ። ቀጥሎ ሌላውን አሸተተ። ከዚያ እኔን አየኝ። ሦስት ጆንያ ሽንኩርት ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል ብሎ መለሰብኝ። ልከራከረውም አልቻልኩም፣ እውነቱን ነዋ።

በዚያው ሳምንት ሶማሌ ተራ ሄድኩ። መርካቶ ውስጥ የመኪና ዕቃ ከዚያ ካጣህ ሌላ ቦታም አታገኘውም። አንድ ሱቅ ውስጥ ይቺን ጠርሙስ አየሁ። የቻይና ዕቃ ናት፣ በላስቲክ ታሽጋለች። ግማሽ ሊትር የምትይዝ፣ ውስጧ የሚታይ፣ ጎኗ ላይ መለኪያ መስመር ያላት ጠርሙስ ናት። ክዳኗ ላይ ማንጠልጠያ ሽቦና ማግኔት አላት። 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ነጭ፣ የሚያሳይ ቱቦ አብሯት አለ። ቱቦው መሐል ላይ ፍላጻ የተሳለባት ወደ ኋላ የማታስመልስ ቫልቭ አለች፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ኒፕል (አየር የሚወጣባትን ቀዳዳ ብሎን) የሚነክስ ጎማ። በትክክለኛ ስሟ የፍሬን አየር ማስወጫ ናት። 800 ብለውኝ 650 ከፈልኩ።

«ለናፍጣ ፊልትሮ ይሆናል?» ብዬ ጠየቅሁት ሻጩን።

«ለሁሉም ይሆናል» አለኝ።

ውሸት ነው። ይሄንን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚናደደው እዚህ ጋ ነው። የፍሬን ኒፕል ውስጡ ቀዳዳ ነው፤ ስታላላው ዘይቱ በመሐሉ ይወጣል፣ ቱቦው ጫፉ ላይ ይሰካል። የእኔ አይሱዙ ፊልትሮ ራስ ላይ ያለው ግን ድፍን ብሎን ነው። ቱቦ የሚሰካበት ነገር የለውም። ናፍጣው የሚወጣው በብሎኑ ጥርስ ዙሪያ ነው። የጎማዋን ጫፍ ብሎኑ ላይ ይዤ ለማፈን ሞከርኩ። ከድሮው ብሶ ፊቴ ላይ ረጨኝ። ረዳቴ ሳቁን ለመደበቅ ዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁት።

ጠርሙሷ አንድ ወር ወንበር ስር ተኛች። ከዚያ ቃሊቲ ያለ አንድ ቶርኖ ቤት፣ ብረት የሚቀርጹበት፣ ብሎኑን ፈትቼ ይዤ ሄድኩ። ባለሙያው ብሎኑን እያገላበጠ አየና «ይሄን ብበሳልህ ሁልጊዜ ያንጠባጥብብሃል፣ ተወው። ሌላ ልሥራልህ» አለኝ። ልክ ነበር። ጥርሱ አንድ ዓይነት የሆነ፣ መሐሉ ዳር እስከ ዳር የተበሳ፣ ጫፉ ላይ ቱቦ የሚሰካበት ጡት ያለው ብሎን ሠራልኝ። ይቺ ብሎን መኪናው ላይ አትኖርም። አየር በምታስወጣበት ሰዓት ብቻ ትገባለች፣ ስትጨርስ ትወጣና ዋናው ብሎን ከመዳብ ሮንዴላው (ከቀለበቱ) ጋር ይመለሳል። 400 ብር አስከፈለኝ። ሲደመር 1050 ብር መሆኑ ነው። ለሦስት ጆንያ ሽንኩርት ከከፈልኩት ያንሳል።

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ፊልትሮ ቀይሬባታለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ልንገራችሁ። ጠርሙሷ ውስጥ ቀድሜ ሁለት ጣት ያህል ንጹህ ናፍጣ ጨመርኩ፣ የቱቦው ጫፍ እዚያ ውስጥ እንዲሰጥም። ቱቦውን ብሎኗ ላይ ሰካሁ። መግፋት ጀመርኩ። መጀመሪያ ምንም የለም፣ ጠርሙሷ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ብቻ ነው። አዲሱ ፊልትሮ ባዶ ስለሆነ እሱ እስኪሞላ ነው። ከዚያ ቱቦው ውስጥ ነጭ ነገር መጣ፣ ልክ እንደ ማኪያቶ አረፋ። ቀጥሎ አረፋው ተቆራረጠ፤ ናፍጣ፣ አየር፣ ናፍጣ፣ አየር። እየቆየ አየሩ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ትንንሽ ሆኖ ተራራቀ። በመጨረሻ ቱቦው ስስ ሻይ መሰለ። ዝም አለ። ፓምፑም እጄ ላይ ከበደ። የዚያን ጊዜ በቃ ማለት ነው።

ለእኔ ትልቁ ጥቅሟ ይሄ ነው፣ ከንጽሕናውም በላይ። ድሮ በብሎኑ ዙሪያ የሚወጣውን አረፋ ጨርቅ እየሸፈነው አየሩ ማለቁን በግምት ነበር የማውቀው። ብዙ ጊዜ ቸኩዬ እዘጋዋለሁ፣ ሞተሩ ይነሳና መቶ ሜትር ሄዶ ይጠፋል። አሁን በዓይኔ እያየሁ ነው። ብሎኖቹን ስቀያይር የሻይ ማንኪያ የምታህል ናፍጣ ትፈስሳለች፣ እሷን በጨርቅ እቀበላታለሁ። ያቺ ቅጽበት ትንሽ አየር ታስገባ ይሆናል። ሞተሩ ሲነሳ አንዴ እንቅ ይልና ይስተካከላል። ከዚያ በላይ አላስቸገረኝም።

አሁን ጉድለቷን። ማግኔቷ የረባች አይደለችም። ጠርሙሷ ባዶ ስትሆን ሻንሲው ላይ ትይዛለች፣ ግማሽ ስትሞላ ቀስ እያለች ትንሸራተታለች። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ወድቃ የሰበሰብኩትን ሁሉ መሬት ላይ ደፋችው። አሁን በማንጠልጠያ ሽቦው አስራታለሁ፣ ማግኔቱን ረስቼዋለሁ። ቫልቯም ለእኛ ሥራ አታስፈልግም። ለፍሬን ነው የምትጠቅመው፣ ፔዳሉ ሲመለስ አየር እንዳይስብ። የፊልትሮው የእጅ ፓምፕ ግን የራሱ መመለሻ መከልከያ አለው፣ ሲመለስ ከታንኩ ነው የሚስበው። ጭራሽ ቆሻሻ ገብቶባት ስለዘጋችኝ ቆርጬ ጣልኳት።

ቱቦው ደግሞ ዕድሜ የለውም። ዓመት ሳይሞላው ቢጫ ሆነ፣ ደረቀ፣ እንደ ማካሮኒ ቀጥ አለ። ናፍጣ እንዲህ ዓይነቱን ፕላስቲክ ያደርቀዋል። አንድ ጓደኛዬ በሲሊኮን ቱቦ ልተካው ብሎ ነበር። ሲሊኮን ደግሞ ናፍጣ ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል፣ ከኒፕሉ ላይ ይወልቃል። እኔ ያንኑ ርካሽ ነጩን ቱቦ በሜትር ገዝቼ በየጊዜው እቀይራለሁ። የሚያሳይ መሆኑ ነው ዋናው ነገር።

እንግዲህ አንዳንዳችሁ «ለምን በሃይላንድና በጉሉኮስ ቱቦ አትሠራውም?» ትሉ ይሆናል። ሞክሬዋለሁ። የሃይላንዱን ክዳን በጋለ ምስማር በስቼ ቱቦውን አስገብቼ። ይሠራል! የጉሉኮሱ ቱቦ ቀጭን ስለሆነ መግፋቱ ያደክማል፣ ሃይላንዱም ቀላል ስለሆነ ይገለበጣል። ግን ይሠራል። ቶርኖ ቤት የተሠራችው ብሎን ካለችህ ጠርሙሱ ምንም ይሁን። ብሎኗ ከሌለችህ ደግሞ የሁለት ሺህ ብር ጠርሙስ ብትገዛም ናፍጣው ክርንህ ጋ ይደርሳል። እውነቱን ለመናገር ሥራውን የምትሠራው የ400 ብሯ ብሎን ናት። የ650ዋ አጃቢ ናት።

ጠርሙሷ የማትረዳህ አንድ ቦታ አለ፣ አሮጌውን ፊልትሮ ስትፈታ። ለዚያ መድኃኒቱ ፌስታል ነው። መጀመሪያ ፊልትሮው ታች ባለው የውሃ ማስወጫ የቻልከውን ያህል ቀንስ፣ ከዚያ ፌስታሉን ከሥር አልብሰውና በፌስታሉ ላይ ይዘህ አዙር። የሚፈሰው ሁሉ እዚያው ውስጥ ይቀራል። ፌስታሉ ቀዳዳ እንደሌለው ግን ቀድመህ እይ። እኔ አላየሁም ነበር። የዚያን ቀን ሱሪ ነው የታጠበው።

መግፋቱ ሰልችቷቸው አዲሱን ፊልትሮ ከጀሪካን ሞልተው የሚያስሩ አሉ። አየሩ ቶሎ ያልቃል፣ አልክድም። ግን በመሐለኛው ቀዳዳ የገባ ናፍጣ ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ፓምፑና ወደ ኖዝሉ ነው የሚሄደው። ለማጣራት የገዛኸውን ዕቃ በቆሻሻ አስጀመርከው ማለት ነው። እጄ ይድከም እንጂ እኔ አላደርገውም።

ጠርሙሷ ውስጥ የተሰበሰበውንም ወደ ታንክ አልመልስም። ታንኩ ጎን በክዳኑ ዘግቼ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ሳየው ከሥር ውሃውና ደለሉ ለብቻው ተኝቷል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ይወርዳል። የላዩን ለመኪና ዕቃ ማጠቢያ እጠቀምበታለሁ። ይሄንን ውሃ በዓይኔ ካየሁ በኋላ ናፍጣ የምቀዳበትን ሰው ቀይሬያለሁ፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

የእኔ ሞተር አሮጌው፣ ሜካኒካል ፓምፕ ያለው ነው። መኪናችሁ አዲሱ ኮመን ሬል (በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ ግፊቱ ከፍተኛ የሆነ) ከሆነ ፊልትሮው ጋ ያለው ሥራ ብዙም አይለይም። ከዚያ አልፋችሁ ግን የኖዝል ቱቦ አላላለሁ እንዳትሉ። እዚያ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1000 ባር በላይ ይደርሳል፤ ቆዳ በስቶ ይገባል። ሸሚዝ አጥቦ የሚለቅ ነገር አይደለም።

የመኪናችሁ ፊልትሮ ኒፕል ካለው ጠርሙሷን ግዙ፣ ሌላ ነገር አያስፈልጋችሁም፤ በ650 ብር አትቆጩም። ድፍን ብሎን ከሆነ መጀመሪያ ቶርኖ ቤት፣ ጠርሙሱ በኋላ። የእኔው ባለሙያ አሁን ለአይሱዙ የሚሆነውን ሠርቶ ያስቀምጣል፤ ባለፈው ስሄድ መደርደሪያው ላይ አምስት ተደርድረው አይቻለሁ፣ ዋጋውም 500 ገብቷል። ለሌላ መኪና ከሆነ ዋናውን ብሎን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ በቃል የተነገረ ልክ አይቀበልም። ስትፈቱት ደግሞ ቀዳዳውን በንጹህ ጨርቅ ድፈኑት፤ እኔ ክፍቱን ትቼው ሄጄ የቃሊቲን አቧራ ፊልትሮ ውስጥ አስገብቼ ተመልሻለሁ።