ከማሳደጊያ ለወጡ ልጆች ዋስ የሚሆን አገልግሎት፦ የአንዲት አከራይ አስተያየት

ሳቢያን ካለው ግቢዬ አንዱን ሰርቪስ ክፍል ያከራየሁት በሕፃናት ማሳደጊያ ላደጉ ሁለት ወጣቶች ነው። ያመጣቸው እዚሁ ድሬዳዋ የሚሠራ አንድ የፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች አገልግሎት ነው። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን ትቼዋለሁ። እኔ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጣሁ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ስለ ሃይማኖታቸው የሚከራከር ሌላ ሰው አይጠፋም፤ እኔ የምናገረው ስለ ሥራቸው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ዋስትናቸው ነው። በአገራችን ያለ ተያዥ የሚቀጥር ብዙ የለም፤ ቤት የሚያከራይም እንዲሁ። ተያዥ የሚሆነው ደግሞ አጎት ነው፣ የአክስት ባል ነው፣ አባትን የሚያውቅ ሰው ነው። ሕጉ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላውን ሰው ራሱን ችሎ ውል ይፈርማል ይላል፤ አጎት ግን አይሰጠውም። አንደኛው ተከራዬ የ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ወላጆቹን ሲወስድበት ገና ጡት አልጣለም ነበር። ለዚህ ልጅ አገልግሎቱ በኪራይ ውሉ ላይ ማኅተም አድርጎ ዋስ ሆነለት። ቧንቧ ተሰብሮ በደወልኩ ጊዜም የፈረመው ሰው ራሱ በባጃጅ መጣ።

የመታወቂያውንም ጣጣ ይዘውለታል። ቀበሌ መሸኛ አምጣ ይላል፣ የልደት ምስክር ወረቀት አምጣ ይላል፤ ልጁ ከየት ያምጣ? የ2015ቱ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ማስረጃ የሌለው ሰው በምስክር እንዲመዘገብ መንገድ ከፍቷል። ሆኖም ምስክር የሚሆን ሰው ሥራውን ትቶ ወረፋ መያዝ አለበት። ከአገልጋዮቹ አንዷ ይህንኑ አድርጋለች፤ ፋይዳውን ይዞ ባንክ ደብተር አወጣ።

አሁን ስለ ወጥ አሠራሩ። ልጁ መጀመሪያ ሰሞን ሽሮ ሲሠራ ግቢው ሁሉ ሸተተ፤ ገብቼ ባይ ከእኔ የተዋሰው ትልቁ ድስት አፉ ድረስ ሞልቷል። ማሳደጊያው ውስጥ ወጥ ቤት ያግዝ ስለነበር ለአዳራሽ እንጂ ለሁለት ሰው መሥራት አያውቅም። ሩብ ኪሎ ሽንኩርት ገዝቶም አያውቅም። ያችው አገልጋይ ቀፊራ ገበያ ወሰደችው፤ ገንዘቡን በእጁ ሰጥታ እሷ ራቅ ብላ ቆመች። ተታልሎ ተመለሰ፤ አልተቆጣችውም፣ እንደገና ላከችው። አሁን ከእኔ ይልቅ በርካሽ ይገዛል። ካርድ ቆጣሪውንም እንዲሁ ነው ያስተማሩት፤ አምፖል እያበራ ያድር የነበረው ካርዱን በራሱ ደመወዝ ሲሞላ ተወው። (አሁንም «እርስዎ» ይለኛል። ድሬ ላይ ማን እንዲህ ይላል!)

ቅሬታዬ ብዙ ነው፤ ዋና ዋናውን ልናገር። ሐሙስ ከሰዓት ትምህርት አላቸው፣ መቅረት አይወዱም። ልጁ ጋራዥ ተቀጥሯል፤ ጌታው ሐሙስ በመጣ ቁጥር ፊቱን ያጠቁራል። ሥራ እንዲይዝ የሚለፋ ድርጅት ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ለምን እንደሚከብደው አልገባኝም። ሌላኛው ተከራዬ ሙስሊም ነው። በግድ ና አልተባለም፣ ጠይቄዋለሁ፤ ሻይና ዳቦው ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርቱ በኋላ ነው የሚቀርበው። ለበዓል እያንዳንዱን ልጅ ለአንድ ቤተሰብ ይመድባሉ፤ ይህን እወድላቸዋለሁ። ለፋሲካ ዶሮ በልተው ቋጥረውም መጡ። ለዒድ ግን የሚልኩበት ቤት አልነበራቸውም፤ ጎረቤቴ ናት ሰምታ የወሰደችው። ሙስሊምና ክርስቲያን ተጎራብቶ በሚኖርባት በመጋላና በከዚራ ከተማ ይህ ሊያቅት አይገባም።

አንድ ቀን ደግሞ እንግዶች ይዘው መጥተው ክፍሉን ከነአልጋው ፎቶ ሊያነሱ ፈለጉ። እኔ ከበሩ አልተነሣሁም። ኪራይ የሚከፍል ሰው ቤት ሳያስፈቅዱ አይገባም። ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ አልደገሙትም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ኪራዩን መጀመሪያ ሙሉውን፣ ቀጥሎ ግማሹን ይከፍላሉ፤ ዓመት ሲሞላ ያቆማሉ። ይህ ተገቢ ነው፣ ልጅ ካልተገፋ አይቆምም። ችግሩ ዋስትናውም አብሮ ማብቃቱ ነው። በሃያ ዓመቱ አባት ያለው ልጅ እንኳ ዋሱ አይነሣበትም። ገንዘብ የማያስወጣውን ፊርማ ለምን ይነሡታል? ከውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 በሕግ ከተከለከለ ወዲህ በማሳደጊያ ያለው ልጅ የሚያድገው እዚሁ ነው፣ ቤት የሚፈልገውም ከእኛ ነው፤ ጥያቄው በየዓመቱ ይመጣል።

ማከራየት የምትፈልጉ ውሉ ላይ የዋስትናው ማብቂያ ቀን እንዲጻፍ አድርጉ፣ የሚጠራውን ሰው ስልክም ያዙ። እሑድ ጠዋት ስልክ አያነሡም፤ ከሰዓት ደውሉ። ሁለተኛው ክፍሌ ሲለቀቅ መጀመሪያ የምነግረው ለእነሱ ነው። ኪራዩን ግን እጨምራለሁ።