ጃማይካ መቼ ይኬዳል? ቀኑን መርጣ ለላከችን እህታችን ምስጋና፣ ለፈላጊም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አንድም ለማመስገን፣ አንድም ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ላላችሁ ወገኖች ጥሩ የጉዞ ባለሙያ ለመጠቆም ነው። ስሟን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለለመነችኝ አልጽፈውም። ብዙዎቻችሁ የአዲስ አበባ ቲኬት እየቆረጠች የምትልካችሁ እሷው ትሆናለች። ሥራዋ ቲኬት በመቁረጥ እንደማያበቃ ያየሁት እናትና አባቴን ይዘን ጃማይካ ለመሄድ ስንነሳ ነው።

ጃማይካ የአባዬ ምኞት ናት። ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲገቡ እሱ ወጣት ነበር፤ ሕዝቡ አውሮፕላኑን እንዴት እንደከበበው የሰማውን እስከ ዛሬ አውርቶ አይጠግብም። “እግሬ ሳይከዳኝ አንዴ ልያት” ካለ ቆይቷል። አምና በጋው ላይ፣ የአሜሪካኖቹን በጋ ማለቴ ነው፣ ለኦክቶበር መጨረሻ፣ በእኛ ለጥቅምት አጋማሽ፣ የወጣ አንድ ርካሽ ጉዞ አየን። ሞንቴጎ ቤይ፣ ባሕር ዳር ያለ ሆቴል፣ ምግቡም መጠጡም ሒሳቡ ውስጥ የገባ። ዋጋው ከጥርና ከየካቲቱ ጋር ሲተያይ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ስልክ ያነሳልን ሻጭ ስለ ዝናቡ ብንጠይቀው “ከሰዓት በኋላ ሃያ ደቂቃ ጥሎ ያባራል” ብሎ አሳለፈው። ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ዋጋ ለማመሳከር ለእህታችን ደወልን።

እሷ ስለ ዋጋ አላወራችም። ማን ማን ነው የሚሄደው? አባባ ይጾማሉ? መዋኘት ነው የፈለጋችሁት ወይስ ኪንግስተንን ማየት? ደረጃ ይወጣሉ? ሁሉንም ጠይቃ ከጨረሰች በኋላ “ጥቅምትን ተዉት” አለች። “ያ ሳምንት እንዲህ የረከሰው ለእናንተ ታዝኖ መሰላችሁ?” እኔ ብሸጥላችሁ ኮሚሽኔን አገኛለሁ፤ ግን አባባን ይዛችሁ በዚያ ሰዓት አትሂዱ አለችን።

ከዚያ ያስረዳችንን እንዳለ ላካፍላችሁ፤ ወደ ካሪቢያን ለሚያስብ ሁሉ የሚጠቅም ነው። እኛ መስከረም ሲጠባ ዝናቡ አበቃ፣ ሰማዩ ጠራ ብለን ያደግን ሰዎች ነን። ዕረፍት የሚያምረንም ያኔ ነው። እዚያ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት የሚባለው በፈረንጆቹ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ በእኛ ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር ጽዮን መሆኑ ነው። የሚበረታው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ፣ ጫፍ የሚደርሰው ደግሞ ሴፕቴምበር 10 አካባቢ፣ ማለትም በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ምክንያቱም ባሕሩ ሙቀቱን ቀስ እያለ ነው የሚያጠራቅመው፤ ፀሐይዋ ከበረታችበት ጊዜ ወራት ዘግይቶ ነው ውኃው ለማዕበል የሚበቃ ሙቀት የሚይዘው። በ1981 ዓ.ም. እኛ እንቁጣጣሽን አክብረን ባደርን ማግስት፣ መስከረም 2 ቀን፣ ጊልበርት የተባለው አውሎ ነፋስ ጃማይካን ከዳር እስከ ዳር ነው የሄደባት። ወቅቱ ገና ሲጀምርም ዋስትና የለም። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ 26 ቀን ቤሪል የደቡቡን ዳርቻ ታክኮ ሲያልፍ፣ ከአምስቱ የአውሎ ነፋስ ኃይል ደረጃዎች ደረጃ 4 ነበር።

ከማዕበሉ ሌላ የደሴቲቱ የራሷ ዝናብ አለ። ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዱ ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር። የሚከብደው ጥቅምት ላይ ነው። ደረቁ ጊዜ ከጥር እስከ መጋቢት ነው። ሙቀቱ እምብዛም አይለያይም፤ ቀን ቀን ዓመቱን ሙሉ 30 ዲግሪን ይጠጋል። ስለዚህ “ይበርዳል፣ ይሞቃል” ብላችሁ ወር አትምረጡ፤ የሚመረጠው በዝናብ፣ በነፋስና በዋጋ ነው።

ታዲያ ለምን ጥር አልሄዳችሁም ትሉ ይሆናል። እኔም ጠይቄአታለሁ። ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ አፕሪል አጋማሽ የአሜሪካና የካናዳ ሰው ብርዱን ሸሽቶ የሚጎርፍበት ስለሆነ ሆቴሉም በረራውም ይወደዳል፤ ገናቸውና አዲስ ዓመታቸው መካከል ያለው ሳምንትማ አይቀመስም። ማርች ላይ የኮሌጅ ተማሪዎች ዕረፍት አለ፤ ከሽማግሌ ጋር ለሚሄድ ሰው ጫጫታው አይሆንም። ጥርና የካቲት ላይ ደግሞ ከሰሜን አሜሪካ የሚወርድ ቀዝቃዛ አየር አንዳንዴ የሰሜኑ ዳርቻ ላይ ነፋስና ዝናብ ይዞ ይመጣል፤ ጃኬት የሚያስለብስ ባይሆንም ባሕሩን ያናውጠዋል።

ሌላው ጾም ነው። የዘንድሮው ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ገባ። እማዬና አባዬ ደግሞ የሆቴል ቡፌ ፊት ቆመው “ይሄ ቅቤ አለበት?” እያሉ ሲጠይቁ የሚከርሙ ሰዎች ናቸው። እህታችን ካላንደሯን አገላብጣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 መሆኑን አየች። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። የፈረንጆቹ ክረምት ውድ ዋጋ የሚወርደው በዚያው ሰሞን ነው። ኪንግስተን ላይ ሆቴል የሚያስወድደው ካርኒቫል አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጅ ፋሲካ ባለፈ በእሑዱ ስለሚሆን እሱም አልፎ ይሆናል። የግንቦቱ ዝናብ ገና ነው፤ የማዕበሉ ወቅት ከወር በላይ ይቀረዋል። በዚያ ላይ ሚያዝያ 13 ጃንሆይ ኪንግስተን ከገቡ ልክ 60 ዓመት የሚሞላበት ቀን ነው። አባዬ ይህን ሲሰማ ውይይቱ አበቃ፤ “በሉ ቁረጡ” አለ።

ከዚያ የሆነውን በዜና ሰምታችኋል። ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ሜሊሳ በደረጃ 5፣ በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ነፋስ፣ በደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብ በኒው ሆፕ አካባቢ ገባች። ጃማይካን ከመቱት አውሎ ነፋሶች ሁሉ የበረታችው እሷ ናት። ብላክ ሪቨር የተባለችው ከተማ ክፉኛ ፈረሰች፤ አየር ማረፊያዎቹ ማዕበሉ ሳይደርስ ነበር የተዘጉት። ያ ርካሽ ሳምንት ይኸው ሳምንት ነበር። ለእህታችን ደውለን ስናመሰግናት “እኔ ነቢይ አይደለሁም፣ ካላንደር ነው ያየሁት” አለች። ቤታቸው ለፈረሰባቸው ሰዎች ግን ድምጿ ተሰብሮ ነው ያወራችው፤ እዚያ የምትሠራባቸው ሹፌሮችና የሆቴል ሠራተኞች አሏት።

አገልግሎቷን በደንብ ያየሁት ከማዕበሉ በኋላ ነው። እኛ ሳንጠይቃት በሰሜኑ ዳርቻ ኦቾ ሪዮስ ወደያዘችልን ሆቴል ደውላ ጣሪያው፣ ጄኔሬተሩ፣ የውኃ መስመሩ ምን ላይ እንዳለ አጣራች። “ክፍት ነን” የሚል መልስ አልበቃትም፤ እኛ የምናርፍበትን ፎቅ በቪዲዮ አስነስታ ላከችልን። ማዕበሉ የከፋው ምዕራቡ ላይ ስለነበር ኪንግስተንና ምሥራቁ እንደማያሰጉ፣ ምዕራብ የሚሄድ ግን የሚያርፍበት ሆቴል ሥራ መጀመሩን አንድ በአንድ መጠየቅ እንዳለበት ነገረችን።

ጉዞውን አላንዛዛም። ኪንግስተን የሚታረፍበት ኖርማን ማንሌ አየር ማረፊያ ግራና ቀኙን ባሕር ባቀፈው ቀጭን መሬት ላይ ነው፤ ያኔ ፓሊሳዶስ ይባል የነበረው፣ ጃንሆይ የወረዱበት እሱው ነው። እህታችን የመደበችልን ሹፌር ጃማይካዊ ነው፤ እሱንም እዚሁ ላመስግነው። ጃንሆይ የመጡ ዕለት ሲጥል የነበረው ዝናብ አውሮፕላኑ ብቅ ሲል እንዳባራ ከአባቱ የሰማውን አጫወተን። አባዬ ወዲያው ወደ እኔ ዞሮ “ያቺ ልጅ ሚያዝያ አይዘንብም አላለችም እንዴ?” አለ። ለሹፌሩ ተርጉሜለት መሪውን እየመታ ሳቀ።

በዳግማይ ትንሣኤ ማክስፊልድ ጎዳና ያለው የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያናችን ሄድን። ነጠላ የለበሰች አንዲት ጃማይካዊት እናት “ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን” ስትለው አባዬ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እማዬ ናት “በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን” ብላ የመለሰችለት። ከዚያ በኋላ ባሕር ባናይም ግድ አልነበረውም።

ያየነው ዝናብ አንዴ ነው፤ እሱም አስቀድሞ ተነግሮናል። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ብሉ ማውንቴን ላይ ሲደርስ እርጥበቱን በወዲያኛው ጎን ያራግፈዋል፤ ፖርትላንድና ፖርት አንቶኒዮ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆኑት ለዚህ ነው። ኪንግስተን ከተራራው ጀርባ ስለሆነች ደረቅ ናት። ከኪንግስተን ጠራራ ፀሐይ ተነስተን ፖርት አንቶኒዮ ስንደርስ የመኪናው መጥረጊያ ዝናቡን መቋቋም አቃተው። ስለዚህ “ጃማይካ ዘነበ ወይ?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ የትኛው ጎን ብላችሁ ጠይቁ። ተራራው ጫፉ 2,256 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ከፍታው ብዙም አይደንቅም። ቡናቸው ግን ዋጋው ያስደነግጣል። እማዬ ቀምሳ “ለስላሳ ነው፣ ይጠጣል” አለች፤ ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው።

ኦቾ ሪዮስ ላይ ደንስ ሪቨር ፏፏቴ የሄድነው ትልልቆቹ የመርከብ ተጓዦች ወደብ በማይገቡበት ቀን ነው። የመርከቦቹ የመግቢያ ቀን አስቀድሞ ስለሚታወቅ እህታችን አይታ ነው ቀኑን የመረጠችው። አባዬ ድንጋዩን መውጣት ባይችልም ከጎኑ ደረጃ አለው፤ በየእርከኑ እየቆመ ፈረንጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲንሸራተቱ ተመለከተ። አንድ ጠዋት ባሕሩ ዳር ቡናማ አረም ተከምሮ አገኘን። ሳርጋሰም ይሉታል፤ ሲበሰብስ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በብዛት የሚመጣው ከሚያዝያ ጀምሮ ሐምሌን ይዞ ስለሆነ ይህንንም አስቀድማ ነግራናለች። ሠራተኞቹ ጠራርገውት ከሰዓት በኋላ ዋኘን።

ለሚጾም ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ራስታዎቹ አይታል የሚሉት ምግብ ሥጋ የሌለበት፣ በኮኮናት ወተት የሚሠራ፣ ብዙዎቹም ጨው እንኳ የማይጨምሩበት ነው። በጾም ወቅት መሄድ ግድ ቢሆንባችሁ ኪንግስተን ላይ ጾማችሁን አታድሩም።

ስለ ክፍያዋ፦ ሆቴልና በረራ ብቻ ከሆነ ኮሚሽኗን የምታገኘው ከሆቴሉ ስለሆነ ከእናንተ አትጠይቅም፤ ይህንንም ራሷ ናት ግልጽ አድርጋ የነገረችን። እንደ እኛ ሹፌርና ቦታ በቦታ የሚቀያየር ጉዞ ሲሆን የራሷን ታስከፍላለች፤ ይገባታል። ኢንሹራንስ ላይ ትጨቀጭቃችኋለች፣ ስሟት። አውሎ ነፋሱ ስም ከወጣለት በኋላ የሚገዛ ኢንሹራንስ ያንን ማዕበል አይሸፍንም፤ መግዛት ያለባችሁ ገና ቀብድ ስትከፍሉ ነው። የጃማይካ የመግቢያ ቅጽ በኢንተርኔት የሚሞላ ነጻ ቅጽ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ገጽ ካያችሁ ውጡ።

ጉድለቷንም ልንገራችሁ። ቀን ቀን ስልክ አታነሳም፣ ቅልብጭ አድርጋ ነው የምታወራው፣ የግል ቤት ኪራይ አትይዝም። ዕረፍታችሁ የግድ መስከረም ላይ ከሆነ ጃማይካን አትሸጥላችሁም፤ ከማዕበሉ መንገድ ወደ ደቡብ ወጣ ያሉትን አሩባን፣ ኩራሳዎንና ቦኔርን ነው የምታሳያችሁ።

እህታችን፣ አባዬ “ያቺን ልጅ ምሳ ጥሩልኝ” እያለ ነው፤ ቀኑን ንገሪን። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ደውሉ፤ ለገና ሰሞን ወይም ለጥር የምታስቡ ከአሁኑ ደውሉላት፤ ያኔ ቦታ ቶሎ ነው የሚያልቀው።