ለሱስ ሕክምና የቱ ይሻላል፦ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ወይስ መሥራቹ ራሱ የሚሠራበት የሰፈር ክሊኒክ?

ለታናሽ ወንድሜ የመጠጥ ሱስ ሕክምና ስንፈልግ እዚሁ ቨርጂኒያ ሆኜ ሁለት ቦታ ደወልኩ። አንዱ በየስቴቱ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ነው። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ገና ስሙን ሳትጠይቅ የኢንሹራንስ ካርዱን ቁጥር አንብቢልኝ አለችኝ። ሁለተኛው ከቤታችን የ15 ደቂቃ መንገድ ነው። ክሊኒኩን የከፈተችው ዶክተር ራሷ መልሳ ደወለች። "ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው መቼ ነው? እጁ ይንቀጠቀጣል?" አለችኝ።

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ካቆመ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ሊያንዘፈዝፈው፣ ሊያቃዠው፣ ሊገድለውም ይችላል። በዚህ በኩል ቀንና ሌሊት ነርስ ያለበት ትልቅ ቦታ ይበልጣል። ትንሹ ክሊኒክ አልጋ የለውም። ዶክተሯም አልደበቀችንም፤ "መጀመሪያ ሆስፒታል ይተኛ" አለችን። 5 ቀን ተኛ።

ከባዱ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ወራት ይፈጃል። የሰፈሩን ክሊኒክ የምመርጠው ለዚህ ነው። ናልትሬክሶን የሚባለው የመጠጥ አምሮት የሚቀንስ መድኃኒት ሲያቅለሸልሸው በማግስቱ ከምግብ ጋር እንዲወስደው ያደረገችው እሷው ናት። አንድ ማክሰኞ ሲቀር እማዬ ጋ ተደወለ፤ ቀድሞ ፈርሞ ፈቅዶ ነበር። እማዬም በአስተርጓሚ ምክክሩ ላይ አብራው ገባች። እዚያ ቁጭ ብለው ሠርግ ላይ "አንዲት ብቻ፣ በሞቴ!" ሲባል ምን እንደሚመልስ ተለማመዱ። እማዬ "በሞቴ" እያለች ስትለምነው፣ እሱ "አልጠጣም" ሲላት፣ ሁለቱም አለቀሱ። ፍሎሪዳ ወዳለ የትልቅ ድርጅት ማዕከል ሄዶ 28 ቀን ቢተኛ ይህን ከየት ያገኘው ነበር?

መሥራቹ መኖሩ ብቻ ግን አያስተማምንም። አሜሪካን አዲክሽን ሴንተርስ የተባለውን ብዙ ማዕከል ያለው የሱስ ሕክምና ድርጅት የሚመራው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2014 አክሲዮኑን ኒውዮርክ ገበያ አወጣ፤ በ2020 ደግሞ በኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ። ድርጅት መምራትና ታካሚ ማየት ለየቅል ናቸው፤ ስለዚህ "መሥራቹ ዛሬም ታካሚ ያያል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ወጪውንም አትርሱ። ትልልቆቹ ብዙ ጊዜ ከኢንሹራንሶች ጋር ውል አላቸው። ትንሹ ውል ከሌለው ከኪስ ነው የሚከፈለው፤ የእኛንም ከፊሉን ከኪሳችን ከፍለናል። ከመፈረማችሁ በፊት ኢንሹራንሱ ጋ ደውሉ። ክሊኒኩን ደግሞ "እሑድ ማታ ቢጠጣ ለማን ልደውል?" በሉት። የእኛዋ ዶክተር የእጅ ስልኳን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋ ለእማዬ ሰጠቻት።