ምዕራብ ሰሃራ፦ ሕዝበ ውሳኔ ወይስ ራስ ገዝነት?

ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ሳር ቤት በሚወስደው መንገድ ባለው የአፍሪካ ኅብረት፣ ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2017 ከተመለሰች ወዲህ የምዕራብ ሰሃራን ነጻነት የሚጠይቀው ንቅናቄ ፖሊሳሪዮ ካወጃት ሰሃራዊት ሪፐብሊክ ጋር እኩል አባል ሆና ትቀመጣለች፤ ሞሮኮ የእኔ ነው ስለምትለው ስለዚህ ግዛት ግን አቋማቸው ለየቅል ነው።

ሕዝበ ውሳኔ፦ ሕዝቡ ነጻነትን ወይም ከሞሮኮ ጋር መቀላቀልን እንዲመርጥ በ1991 ከሁለቱ ወገኖች ተኩስ አቁም ጋር የታቀደውና በሕግ ረገድ የጠነከረው አማራጭ ይህ ቢሆንም፣ የቀድሞዋ ቅኝ ገዥ ስፔን በ1974 ካካሄደችው የሕዝብ ቆጠራ ውጭ እነማን መራጭ ይሁኑ በሚለው ክርክር ተሰናክሎ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀርቷል።

ራስ ገዝነት፦ ግዛቱ በሞሮኮ ሥር ሆኖ ራሱን እንዲያስተዳድር ሞሮኮ በ2007 ያቀረበችው ሲሆን፣ አብዛኛውን ግዛት ስለምትቆጣጠር ለአፈጻጸም ይቀላል፤ ነጻነትን ግን ከምርጫው ያስወጣል።

የኤርትራን የ1993 ሕዝበ ውሳኔ የምናስታውስ ሰዎች እንደምናውቀው፣ ያኛው የተሳካው አዲስ አበባ አስቀድማ ስለተስማማች ነበር። ራባት (የሞሮኮ መንግሥት) እንዲህ ብትፈቅድ የመጀመሪያው ይመረጣል፤ ካልፈቀደች፣ ሁለተኛው የሚያዋጣው ፖሊሳሪዮ የሚያምነው ዋስትና ሲኖረው ብቻ ይመስለኛል።